«ያመኛል» ማለት ስንት ቁጥር ነው?

ከሕክምና ቀጠሮዬ ከተመለስሁ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላኝም፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው። የእግሬን ሕመም ታውቁታላችሁ፤ አራተኛ ወሩን ይዟል። ዛሬ ግን ከእግሬ ይበልጥ ያመመኝ የመረመረኝ ባለሙያ ንግግር ነው፤ «አመመኝ» ስል ደግሞ እያጋነንሁ አይደለም፤ በቋንቋችን ክፉ ቃልም እንደ ቁስል ያምማል።

ምን እንደሚሰማኝ ሲጠይቀኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ ባደርሁበት ሌሊት ሳሰናዳው የቆየሁትን መልስ ሰጠሁት፦ «ከወገቤ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ በኩል እስከ ተረከዜ ድረስ ይነዝረኛል፤ ስቀመጥ ይብስብኛል፤ ሌሊት ደግሞ ባቴን ይጠዘጥዘኛል።» ቀና ሳይል «በአጭሩ ያምዎታል ማለት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ነገር ግን አስተማመሙ...» ብዬ ስጀምር «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» ብሎ አቋረጠኝ። 7 አልሁት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና «7 የደረሰበት ሰው እንዲህ ተረጋግቶ አያወራም» አለኝ። የግራ ዳሌዬን ከመቀመጫው አንሥቼ፣ ጣቶቼ እስኪነጡ ድረስ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ነበር የማወራው። ያንን ግን አላየም፤ «መጠነኛ ሕመም» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁት።

መጠነኛ! ለመሆኑ መንዘርና መጠዝጠዝ አንድ ናቸው? ሆድ ይቆርጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ራስ ይፈልጣል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ የተቃጠለ ቆዳ ይለበልባል፤ ይህን ሁሉ ቃል ያወጡት ታመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። «ይነዝረኛል» የሚል ሰው ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ መስመር ተከትሎ እንደሚሮጥ እየተናገረ ነው፤ እንዲህ ያለው አገላለጽ ደግሞ ሐኪም ነርቭን እንዲጠረጥር የሚያደርግ ምልክት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 የሕመም መግለጫ ቃላትን የያዘው በከንቱ አይደለም። ቁጥሩ የአንዱኑ ሰው ሕመም ዛሬና ከሳምንት በኋላ ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የሰውን ቃል ለማስተባበል ግን አልተፈጠረም።

ይባስ ብሎ ሲያሰናብተኝ «ምርመራው ምንም አያሳይም፤ በሽታ የለብዎትም» አለኝ። እኔ መቼ በሽታ አለብኝ አልሁ? ያመኛል ነው ያልሁት። «ሕመም» የምንለው ቃል በሽታውንም ስሜቱንም ስለሚጠራ፣ አንዱ ካልተገኘ ሌላውም የለም ብሎ መደምደም ለሰነፍ አድማጭ ይቀልለዋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜው ሕመም ማለት ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ ወይም ያንን የሚመስል ደስ የማይል ስሜት ነው ብሏል። «የሚመስል» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ሰው «አመመኝ» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባም እዚያው ተጽፏል። ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ደግሞ ሥር የሰደደ ተብሎ ራሱን ችሎ ይታያል፤ የእኔ አልፎታል።

ደግሞስ እርሱን ብቻ ምን አድርጌ እወቅሰዋለሁ? ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ ሰነድ መዘግየት «ራስ ምታት ሆነብኝ» ብሎ ሲያማርር ሁሉም አዘነለት፤ እኔ ወገቤን ይዤ ስነሣ ግን «አሁንም?» አሉኝ። ያቺ «አሁንም» የምትባል ቃል ከውጋት ትብሳለች። ሐሳቡ ያልተወደደለትን ሰው «አሞሃል እንዴ?» ብሎ ማሸማቀቅም ለምዶብናል፤ ሕመምን ስድብ ካደረግነው በኋላ የታመመ ሰው ደፍሮ እንዲናገር እንዴት እንጠብቃለን?

መቼም እየቆየ ድካም ይመጣል፤ ማስረዳቱ ራሱ ያደክማል። ሁልጊዜ የሚገርመኝ «እግሬን ያመኛል» ስንል አድራጊው ማን እንደሆነ አለመጠቀሱ ነው፤ ስም የሌለው አንድ ነገር ያመኛል፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ይህንን ቋንቋው ያውቀዋል፤ ሰዎች ግን በፈቃዴ ያመጣሁት ይመስል እኔኑ ይመረምሩኛል። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከ6 ሳምንት በኋላ ነው፤ ያንኑ ቃል ይዤ እሄዳለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

መቀመጥ ስላልቻልሁ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስልኬን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። ከዚህ በላይ መቆምም አልችልም፤ ባቴን ይኸው ጀመረኝ።