ባዶው ገጽ ወይስ ጥርሰ ወላቃው?

የቤዝቦል ወዳጆች የጋዜጣ የስፖርት ሽፋኖችን ሁለት ሁለት እያጋጠሙ፣ በድምፅ እየጣሉ እስከ ፍጻሜ የሚያደርሱት ጨዋታ አለ። ዋንጫ የለውም፤ ጠብ ግን አያጣም። ለዚህ ክርክር የቀረቡት ሁለቱም የኒውዮርክ ናቸው፦ ኒውዮርክ ታይምስ ጃንዋሪ 10 ቀን 2013 ያወጣው፣ ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው የስፖርት ገጽ፤ እና ዴይሊ ኒውስ ኦክቶበር 5 ቀን 1955 ያወጣው፣ ጥርሰ ወላቃ ቦዘኔ የሚስቅበት ካርቱን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመከራከሪያው ሐሳብ «ባዶው ገጽ ማሸነፍ አለበት» የሚል ነው።

የባዶው ገጽ ወገን፦

በቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ድምፅ ኩፐርስታውን ወዳለው የዝና አዳራሽ (የቤዝቦል ታላላቆች ስማቸው ወደሚከበርበት ቦታ) ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። በ2013 ምርጫ 569 ጸሐፊዎች ድምፅ ሰጡ። ክሬግ ቢጂዮ በ68.2 በመቶ ከሁሉ ቀደመ፤ ቀድሞም ደጅ ቀረ። የስቴሮይድ (ጡንቻ የሚያፋፋው የተከለከለ መድኃኒት) ጉዳይ ጥላ ያጠላባቸው ሮጀር ክሌመንስ 37.6፣ ባሪ ቦንድስ 36.2፣ ሳሚ ሶሳ 12.5 አገኙ። በዚያ ዓመት ወደ አዳራሹ የገባ ሰው የለም።

ይህን ዜና በምን ፎቶ ያሳዩታል? ያልሆነ ነገር ፎቶ የለውም። የቦንድስን ፊት ብታወጣ ዜናው የቦንድስ ይሆናል፣ የቢጂዮን ብታወጣ የቢጂዮ። የታይምስ ሰዎች ቦታውን ነጭ አድርገው ተዉት፤ ገጹ ራሱ ዜናውን ሆነ። በስፖርት ጋዜጣ ታሪክ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ማንም ሰው የሚረዳው ሽፋን እርሱ ነው። ካርቱኑማ ያስቃል። ብሩክሊን ያደገ ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ ካስረዳህ።

የካርቱኑ ወገን፦

ወዳጄ፣ «ያለ አንድ ቃል» ስትል ገጹን አይተኸዋል? ጽሑፍ እኮ አለበት። ጽሑፉን ላጥፋውና ያለ ቃል ላሳይህ፤ የሚቀረው የጋዜጣው ስምና ነጭ ወረቀት ነው። ያንን ማተሚያ ክፍል ወስደህ ለባለሙያው ብትሰጠው ስለ ኩፐርስታውን አያስብም። ፕሌት (ገጹን የሚያትመው የብረት ሉህ) ሳይጫን ቀርቷል ብሎ ማሽኑን ያቆማል። የጋዜጣ ባለቀለም ገጽ በአራት ፕሌት ይታተማል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። አንዱ ሲቀር ፎቶው ይታመማል፣ አራቱም ሲቀሩ ያንተ ሻምፒዮን ይወጣል።

ነጭነቱም በስልክ መስኮት ላይ ብቻ የሚታይ ነጭነት ነው። የጋዜጣ ወረቀት በካሬ ሜትር ከ45 እስከ 49 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስሱና ግራጫ ነው። ከጀርባ ያለው ጥቁር ርዕስ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዘልቆ ይታያል። ፎቶ ያለበት ገጽ ይህን ይደብቃል፣ ባዶ ገጽ ግን ያጋልጣል። በወረቀት ላይ ያነበበው ሰው ያየው ንጹሕ ባዶነት አይደለም፤ የጀርባውን ገጽ ጥላ ነው።

ደግሞ «የገባ ሰው የለም» ብለሃል። በ2013 ሦስት ሰዎች ገብተዋል፤ ዳኛው ሃንክ ኦዴይ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጫዋች ዲከን ዋይትና የያንኪስ ባለቤት የነበረው ጄኮብ ሩፐርት። የመረጣቸው ሌላ ኮሚቴ ነው፣ ሦስቱም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቢሆንም ገብተዋል። እንግዲህ ማንም ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ገጽህ አንተንም አሳስቶሃል።

አሁን ወደ ጥርሰ ወላቃው ልምጣ። ብሩክሊን ዶጀርስ በያንኪስ በ1941፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952ና በ1953 ወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የቤዝቦልን ዓመታዊ የፍጻሜ ፉክክር፣ ተነጥቋል። ደጋፊው ራሱ ቡድኑን «ቦዘኔዎቹ» ይለው ነበር፤ ስድብም ቁልምጫም ነው። በ1955 ወሳኙ ሰባተኛ ጨዋታ፣ 23 ዓመት ከሞላው ሳምንት ያልሞላው የዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ጆኒ ፖድረስ ያንኪስን አንድም ነጥብ ሳያስገባ 2 ለ 0 አሸነፈ። በማግስቱ የሊዮ ኦሜሊያ ካርቱን ገጹን ሞላው፦ ጺሙ ያልተላጨ፣ ጥርሱ የረገፈ ቦዘኔ አፉን በልቅጦ ይስቃል፤ ርዕሱ «ቦዘኔው ማነው!» ይላል። ልብ በል፣ መጨረሻው ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት አይደለም፣ ቃለ አጋኖ ነው። የጥያቄ ምልክት ቢሆን ክርክር ይሆን ነበር፤ ቃለ አጋኖው ግን ደጅ ላይ ቆሞ መፎከር ነው።

የባዶው ገጽ ወገን፦

«ወዳጄ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ግን ወዳጅነቱ ስለ ጠፋብኝ በ«እርስዎ» ብንቀጥል ይሻላል።

«ያለ ቃል» ስል የገጹን ሥዕላዊ አካል ማለቴ እንደሆነ ለመረዳት የሚቸገር ሰው አልጠበቅሁም። ይለፈኝ። እኔ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አለኝ፦ የእርስዎ እጩ የስፖርት ሽፋን አይደለም። «ቦዘኔው ማነው!» የወጣው በዴይሊ ኒውስ የፊት ገጽ ላይ ነው። ታብሎይድ (እንደ ዴይሊ ኒውስ ያለ አነስተኛ ገጽ ያለው ጋዜጣ) የስፖርት ሽፋን አለው፤ ቦታው የጀርባ ገጽ ነው፤ ሰው በባቡር ውስጥ ጋዜጣውን ገልብጦ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ካርቱኑ በዚያ ዕለት ከጦርነትና ከከንቲባ ዜና ጋር በሚሽቀዳደምበት ገጽ ላይ ነበር። ውድድሩ የስፖርት ሽፋን ከሆነ እጩዎ ገና ከበሩ መመለስ ነበረበት።

ሁለተኛ፣ ኦሜሊያን ያወድሳሉ። የብሩክሊንን ቦዘኔ የፈጠረው ኦሜሊያ አይደለም፤ የወርልድ ቴሌግራም ጋዜጣው ሠዓሊ ዊላርድ ሙሊን ነው። ኦሜሊያ የተዋሰውን ፊት አጉልቶ ሣለ።

ሦስተኛ፣ ጨዋታው የቀን ጨዋታ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልቆ ለንጋት ጋዜጣ ሙሉ ምሽት ተረፈ። ሰዓት ያላስጨነቀውን ሠዓሊ በሰዓት ከተጨነቁት ጋር እኩል ማወደስ ይከብደኛል።

የካርቱኑ ወገን፦

ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ከፍ ካደረጉኝ እኔም ከፍ አድርጌ ልጠይቅዎ፦ «ሥዕላዊ አካል» ያሉት ነገር ነጭ ወረቀት ነው አይደል? ነጩን ወረቀት ለብቻው ቆርጬ ብሰጥዎ ምን ይረዳሉ? 75 በመቶ? ስቴሮይድ? 569? ገጹን የሚያሠራው ያ ያቃለሉት ጽሑፍ ነው። ሰም ብቻውን ወርቅ አይወልድም፤ ቃል ያስፈልገዋል።

ስለ ፊት ገጽ የተናገሩት ይገርማል። ታብሎይድ የፊት ገጹን ለቤዝቦል አሳልፎ መስጠቱ እኮ ትልቁ ነገር ነው! በኒውዮርክ ታብሎይዶች ትልቁን የፊት ገጽ ርዕስ «እንጨት» ይሉታል፤ እንዲያ ያለ ግዙፍ ፊደል ድሮ ከእንጨት ይቀረጽ ስለነበር። እንጨት የሚወጣው ከተማ ሲናወጥ ነው። በኦክቶበር 2004 ያንኪስ በሰባት ጨዋታ ፉክክር ሦስቱን አሸንፎ 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ የቀሩትን አራት ጨዋታዎች ለቦስተን አስረክቦ ሲወጣ፣ ዴይሊ ኒውስ «ዘ ቾክስ ኦን አስ» ብሎ ጻፈ። «ጆክ» ቢሆን «ቀልዱ በእኛ ላይ ሆነ» ማለት ነበር፤ «ጆ»ን በ«ቾ» ለውጦ መታነቅን አስገባበት። ይህ ሁሉ ከውድድሩ ይባረር? እርስዎ የሚፈልጉት ውድድር ባለ አንድ ተወዳዳሪ ነው።

ሰዓትን ካነሱ ደግሞ የ2013ቱ የአዳራሹ ምርጫ ውጤትም በቀን ነው የታወጀው፤ ባዶ ገጽ ፎቶግራፈር አይልክም፣ ቀለም አያስተካክልም። በሰዓት ከተለካ ሁለቱም ይውደቁና ቺካጎ ትሪቢዩን በ2016 ያወጣው «በመጨረሻ!» ይግባ። ቺካጎ ከብስ ዋንጫውን ያነሣበት የክሊቭላንዱ ሰባተኛ ጨዋታ ለ17 ደቂቃ በዝናብ ተቋርጦ፣ ከመደበኛው ዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) አልፎ ወደ አሥረኛ ገብቶ፣ 8 ለ 7 ሲያልቅ በቺካጎ ሰዓት ለእኩለ ሌሊት ሩብ ሰዓት አልቀረም ነበር። እንዲህ ባለ ሌሊት ለማሸነፍም ለመሸነፍም ሁለት ገጽ ይዘጋጃል፤ ጥፋት የሚመጣው የተሳሳተው ሲላክ ነው። በ2003 አሮን ቡን በ11ኛው ኢኒንግ በሆም ረን ያንኪስን አሳልፎ ሳለ፣ በኒውዮርክ ፖስት አንዳንድ ቅጂዎች ላይ ያንኪስ ተሸነፈ ብሎ የሚያለቅስ ርዕሰ አንቀጽ ታትሞ ወጥቷል።

የባዶው ገጽ ወገን፦

ስለዚህ ካርቱኑን ጥለው ቺካጎ ገቡ። መልካም ጉዞ። ስለ ሙሊን ግን መልስ አላየሁም።

እኔ በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ የምንመዝነው ምን እንደሆነ አልተወሰነም። ድምፅ ሰጪው የሚያየው በአውራ ጣት ልክ የተቀነሰ ምስል ነው፤ ብዙ ጊዜ ያም ከማተሚያ የወጣው ወረቀት ሳይሆን ወደ ማተሚያ የተላከው ፋይል ነው። በዚያ ልክ ፎቶ ይጨፈለቃል፣ ጥቁር ላይ በነጭ የተጻፈ ቀጭን ፊደል ይጠፋል። ባዶነት ግን በማንኛውም ልክ ባዶነት ነው። ታይምስ የስፖርት ክፍሉን በ2023 ዘግቷል፤ ያንን ገጽ የሚደግመው ዴስክ የለም። ይህን ያህል ክብር ይገባዋል።

የካርቱኑ ወገን፦

ለቀብር ድምፅ አይሰጥም፤ ለቅሶ ይደረሳል። እደርሳለሁ።

ሦስቱ ሟቾች ግን አሁንም አዳራሹ ውስጥ ናቸው፤ ስለ እነርሱ አንድ ቃል አልሰማሁም። ባዶነት በአውራ ጣት ልክ አይጠፋም ካሉ እኔም ካርቱን የመረጥሁት ለዚያው ነው፦ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ፊት። ቢቀነስም፣ በመጥፎ ወረቀት ቢታተምም፣ ዓሣ ቢጠቀለልበትም ይስቃል።

ድምፄን የምሰጠው በዚህ ነው፦ የታተመው ወረቀት ራሱ ሳይታጠፍ፣ ሳይቆረጥ፣ በኢንች 300 ነጥብ ስካን ተደርጎ ይቅረብ፤ ከሥሩ ጥቁር ካርቶን ይግባ፣ የጀርባው ጽሑፍ እንዳይታይ። አዎ፣ ይህን ለባዶው ገጽ ስል ነው የጨመርኩት። የእኔው ካርቶን አያስፈልገውም።