ስም ከስም ፊት ስለቆመ ብቻ ቅጽል አይሆንም

ወንድሜ፣ «በእንግሊዝኛ አንድ ስም ከሌላ ስም ፊት ከገባ ቅጽል ይሆናል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የተማረው። እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። ግን ልክ አይደለም። ሥራው የቅጽል ይመስላል እንጂ ቃሉ ያው ስም ነው።

«ሹ ሾፕ»ን እንይ፤ የጫማ ሱቅ ማለት ነው። «ሹ» ቅጽል ቢሆን ኖሮ ከፊቱ «ቬሪ» (በጣም) ይገባ ነበር። «ኤ ቬሪ ቢግ ሾፕ» (በጣም ትልቅ ሱቅ) ይባላል፤ «ኤ ቬሪ ሹ ሾፕ» ግን አይባልም። «ዘ ሾፕ ኢዝ ቢግ» ያስኬዳል፤ «ዘ ሾፕ ኢዝ ሹ» አያስኬድም።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ «ኢንግሊሽ ቲቸር» ነው። «ኢንግሊሽ» ላይ ድምፅህን ጠንከር ስታደርግ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ቃሉ ስም ነው። ጥንካሬውን ወደ «ቲቸር» ስታዞረው ግን እንግሊዛዊ አስተማሪ ይሆናል፤ አሁን ቅጽል ነው። አጻጻፉ አንድ፣ ልዩነቱ በጆሮ ብቻ!

«የፊተኛው ስም ሁልጊዜ ነጠላ ነው» ያልከውም ሙሉ በሙሉ አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ሱቁ ሺህ ጫማ ቢይዝም «ሹ ሾፕ» ነው። ግን የፊተኛው ስም የብዙ ቁጥር «ስ» የያዘባቸው «ስፖርትስ ካር» (የስፖርት መኪና) እና «ሴቪንግስ አካውንት»ም (የቁጠባ ሒሳብ) አሉ።

እርግጥ በጊዜ ብዛት ቅጽል የሆኑ ስሞች አሉ። «ፈን» (ደስታ፣ ጨዋታ) ስም ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች «ቬሪ ፈን» ይላሉ።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ አደራ። «ሆርስ ሬስ» የፈረስ ውድድር ነው፤ «ሬስ ሆርስ» የውድድር ፈረስ።