ምንትዋብን ትተን ስለ መሬት ደብተሩ እናውራ

የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ በመጣ ቁጥር ጎንደር ላይ አንድ ንግግር አይቀርም። መድረክ ላይ የወጣው ሁሉ እቴጌ ምንትዋብን ይጠራል። እኛ ዘንድ ሴት ከጥንትም እኩል ነበረች ይላል። ይጨበጨባል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ያልቃል።

እኔም እቴጌይቱ ወዳሠሯት ቁስቋም ስወጣ ደረቴ ይነፋል። የቋራዋ ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። በ1723 ዓ.ም በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነው። እሳቸውም ዘውድ ደፍተው አገር መሩ። ማንም ሊክደው አይችልም።

ግን ሥልጣኑ የተገኘው በወንድ ልጅ በኩል ነው። ኢያሱ ሞቶ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲነግሥ፣ የኢዮአስ እናት ውቢት ተራው የእኔ ነው ባይ ሆኑ። የንጉሥ እናት ወንበር ደግሞ ለሁለት አይበቃም። የሁለቱ ወገን ዘመዶች ተፋጠጡ፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ፣ በ1761 ዓ.ም ኢዮአስ ተገደለ። እቴጌይቱም ቁስቋም ከተቱ። በዚህ ሁሉ መሃል ለተራዋ ሴት ምን ተረፋት?

ይልቅ ያቺ ተራ ሴት ርስት ነበራት። ከአባትም ከእናትም ትወርሳለች፣ ትሸጣለች፣ ትገዛለች። የጎንደር ዘመን የመሬት ውል በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ከሻጩም ከገዢውም በኩል የሴት ስም አለበት። ስለነዚህ ሴቶች መድረክ ላይ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች ይል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። የለወጠችው ንግሥት አይደለችም። ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተደራጅተው ሲወተውቱ ነው የመጣው። ክልላችንም የራሱን ሕግ አወጣ። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጠፈ።

ፎቶው ግን ብቻውን አያርስም። ትዳር ሲፈርስ ሽማግሌ ይቀመጥና «ለልጆችሽ ስትይ መሬቱን ተይለት» ይላል። ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። እሷም ትተወዋለች። እንግዲህ ለዘንድሮው ባነርና ለስላሳ የተያዘው በጀት አንድ ጠበቃ ወረዳ ድረስ ቢልክስ?