እናንተ ዋኛችሁ፤ እሳቸው ጫማችሁን ጠበቁ

ጎረቤቶቼ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የምትተክሉ፣ ለታመመ የምታዋጡ ደጎች መሆናችሁን አውቃለሁ። ይህን ስለማውቅ ነው ንዴቴ አልበርድ ያለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ የብሎካችን ነዋሪዎች ወደ ቢሾፍቱ ለሽርሽር ሄዱ። ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት መዋጮውን ከሁሉ ቀድመው ነበር የከፈሉት። የመኪና አደጋ ከደረሰባቸው ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ለጉዞው ድፎ ዳቦ ሲደፉ አመሹ። ጠዋት ወጣቶቹ ከነዊልቸራቸው አንስተው አውቶቡስ ውስጥ አስገቧቸው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

እትዬ ተወልደው ያደጉት አሰብ ነው። አባታቸው የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ከተፈናቃዮች ጋር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ገና ወጣት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር ዐይናቸው አላየም። ያን ሳምንት ሙሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ስለ መንከር።

ቢሾፍቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሆራም ሆነ ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ሰው ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። የሄዳችሁበት ሆቴልም መኪና ማቆሚያው ከላይ፣ ውሃው ከታች፣ በመካከሉ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ነው። ኮሚቴው ቦታውን አስቀድሞ አይቶታል፤ ቀብድ ከፍሏል፤ በምሳው ዋጋ ተከራክሮ አስቀንሷል። ስለ ደረጃው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደረጃው አፍ ላይ ስትደርሱ "እንሸከምዎ" አላችኋቸው። እምቢ አሉ። አሁን ይህን እምቢታ እንደ መከላከያ ስታቀርቡት እሰማለሁ፤ "እኛማ ጠይቀናቸው ነበር" ትላላችሁ። እኚህ ሴት ከዚህ ቀደም በአንድ መሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ከተሸከሟቸው ሰዎች እጅ አምልጠው ወድቀዋል፤ ቀሚሳቸው ተገልቦ፣ ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ እያየ። በሰው እጅ ተንጠልጥሎ በድንጋይ ደረጃ ቁልቁል መውረድን የማይፈልግ ሰው ምን አጠፋ? መሸከም ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚመጣ ነገር ነው። እናንተ ሌላውን መች ሞከራችሁ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ከመካከላችሁ አንዷ "እንግዲያው እትዬ ዕቃ ይጠብቁልን" አለች። ቦርሳው፣ ጫማው፣ የልጆቹ ቅያሪ ልብስ ሳይቀር ከዊልቸራቸው ሥር ተከመረ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በመኪና ማቆሚያው ጥግ ተቀመጡ። ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ጥላውን ተከትለው ዊልቸራቸውን እየገፉ፣ ቦርሳዎቻችሁን አንድ በአንድ ወደ ራሳቸው እየጎተቱ ዋሉ። ምሳ በሳሕን ተላከላቸው። የደፉት ዳቦ ታች ተቆረሰ። ሐይቁ ከተቀመጡበት አይታይም፣ አጥሩ ይከልለዋል። የጀልባው ሞተርና የእናንተ ሣቅ ግን ይሰማቸው ነበር።

እኔ ሥራ ውዬ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። "ለምን ብቻዎን?" ብላቸው "ልጆቹ ይደሰቱ እንጂ፣ ምን አለበት" አሉኝ። ወደ ጥበቃው ሄጄ ወደ ውሃው የሚወርድ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳያቅማማ "በጓሮ በኩል አለ፤ መጠጥ የሚያወርደው መኪና የሚሄድበት" አለኝ። መንገዱ በሰንሰለት ታስሯል፤ ቁልፉ ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው።

መንገድ ነበረ! ስድስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ነበረ! ቢራና ለስላሳ በየዕለቱ የሚወርድበት መንገድ ለአንዲት እናት ሳይከፈት የዋለው ማንም ከልክሎ አይደለም፤ የጠየቀ ሰው ጠፍቶ ነው። ቁልፍ ያዡ እስኪመጣ አውቶቡሱ ክላክስ ያሰማ ጀመር። "መሽቷል፣ ሌላ ጊዜ" አላችሁ። ጥቂት እንድትታገሡ ለመንኳችሁ። እትዬ እጄን ይዘው "ተው ልጄ፣ ከሰው አታጣላኝ" አሉኝ።

ለሆቴሉ ኃላፊ ነገርኩት። "አካል ጉዳተኛ እንግዳ እኮ ብዙም አይመጣብንም" አለኝ። በምን መንገድ ይምጡ? ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ ለሚቸግራቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 መዝናናትንም ከመብት ይቆጥራል። ግሪኮች በብዙ የባሕር ዳርቻዎቻቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ በሐዲድ ተንሸራቶ ሰውን እስከ ውሃው የሚያደርስ ወንበር ተክለዋል፤ ጎማ እንዳይሰምጥ በአሸዋ ላይ ምንጣፍ የሚዘረጉ አገሮችም አሉ። የቢሾፍቱ አፋፍ ቁልቁለት መሆኑን አልክድም። ለዊልቸር የሚመች መንገድ አንድ ሜትር ለመውረድ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ያንን ገደል በዚህ ልክ ማስተካከል ከባድ ወጪ ነው። ከላይ አጥሩን ዝቅ አድርጎ ሐይቁ የሚታይበት ደልዳላ ቦታ ማዘጋጀት ግን ስንት ይፈጃል? ሰንሰለት መፍታትስ?

ደግሞ እትዬ ማን ናቸው? ሐዘን ሲደርስባችሁ ዊልቸራቸውን እየገፉ ቀድመው ድንኳን የሚገኙ፣ ከሥራ እስክትመለሱ ልጆቻችሁን ተቀብለው የሚያቆዩ ሴት ናቸው። የሰው እግር ሲደክም ፍላጎቱም አብሮ የደከመ ይመስለናል። ከቤት ማውጣታችንን እንደ ውለታ እንቆጥራለን፤ ከወጡ በኋላ ምን ማየት፣ ምን መንካት እንደሚፈልጉ አንጠይቅም። ይህን ሳስብ ንዴቴ ይተወኝና ያስለቅሰኛል።

ለመስከረም ሌላ ሽርሽር እንደታሰበ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ። መኪና እስከ ውሃው ይወርዳል ወይ? የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር ያስገባል ወይ? ካልሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ባለፈው ሳምንት ደውሎ ስለዚያ የጓሮ መንገድ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከልቡ ይሁን ከኀፍረት አላውቅም፤ ከሁለቱም ቢሆን እቀበለዋለሁ። እትዬን ግን እስካሁን እሺ ማሰኘት አልቻልንም። "እኔ ቤቴ ይሻለኛል" ነው መልሳቸው። አልፈርድባቸውም፤ ግን እስከ መስከረም ጊዜ አለ፣ መለመኔን አልተውኩም።