«የሚከፈለው ለጠቅታ ብቻ ነው»? ችግሩም እሱ ነው

ሰሞኑን ለጀማሪ ነጋዴዎች ከተሰጠ ሥልጠና የተቆረጠ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። አሠልጣኙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አዲስ ድርጅት ከፍቶ ጎግል ላይ የፍለጋ ማስታወቂያ፣ ማለትም ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ከውጤቶቹ ጋር የሚወጣውን ማስታወቂያ፣ የማይገዛ ሰው ባይከፍት ይሻለው ነበር ይላሉ። ማስረጃውም ወዲያው ይከተላል፦ ቢልቦርድ ታየም አልታየም ይከፈልበታል፤ የፍለጋ ማስታወቂያ ግን የሚከፈልበት ሰው ሲጫነው ብቻ ስለሆነ ኪሳራ የሚባል ነገር የለውም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያጨበጨቡት እኮ ያጠራቀሙትን ጥሪት ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ከአሠልጣኙ ይልቅ ያናደደኝ ይኼ ነው።

ኪሳራ የለውም! ገዛም አልገዛም በሩን አልፎ ለገባ ሰው ሁሉ ሂሳብ የሚከፍል ባለሱቅ ቢኖር ዘመዶቹ ተሰብስበው ይመክሩት ነበር። ያው ሥራ በስክሪን ሲሠራ ግን ብልሃት ተባለ። ጠቅታ ሽያጭ አይደለም። የሚጫነው ሰው ዋጋ የሚሰልል ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል፤ የቤት ሥራ የሚሠራ ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ወይም ጣቱ የሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። ጎግል የማጭበርበር ጠቅታዎችን እያጣራ ሂሳብ እንደማይቆርጥባቸው ይናገራል፤ ይሁንለት። ተማሪው ግን ከልቡ ነው የተጫነው። ማጣሪያው የሚያስቀረው አጭበርባሪን እንጂ የማይገዛን ሰው አይደለም፤ የማይገዛው ደግሞ ብዙኃኑ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ከአንድ ሽያጭ ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ 300 የሚተርፈው ነጋዴ እንውሰድ፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን። ከ100 ጠቅታ 2 ሰው ቢገዛለት 600 አገኘ። ለአንድ ጠቅታ 6 ከከፈለ ድካሙ ሁሉ ለጎግል ሆነ፤ 7 ከከፈለ ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚሸጠው። ጥያቄው ታዲያ ይህን 2 የሚለውን ቁጥር ማን ነገረው ነው። ማንም አልነገረውም። ትናንት የተከፈተ ድርጅት ከመቶ ጎብኚ ስንቱ እንደሚገዛው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የገዛው ሰው ተመልሶ ይምጣ አይምጣም አያውቅም። ለአንድ ደንበኛ እስከ ስንት ማውጣት እንደሚችል ሳያውቅ ጨረታ ውስጥ ግባ ይሉታል።

ጨረታ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። የጠቅታ ዋጋ ተለጥፎ የሚገኝ ዋጋ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ጎቱ የተባለው የፍለጋ ድርጅት የውጤት ገጹን ቦታ በጠቅታ ዋጋ ማጫረት ጀመረ። ጎግል በ2000 የማስታወቂያ አገልግሎቱን ከፍቶ በ2002 ወደዚያው የጠቅታ ጨረታ ገባ፤ ከገንዘቡ በተጨማሪ ማስታወቂያው ለፍለጋው ያለውን ተገቢነት ግምት ውስጥ ማስገባቱ ነበር አዲስ ነገሩ። እስከ ዛሬም አንድ ሰው ፍለጋውን በጻፈ ቁጥር ጨረታው በቅጽበት ይካሄዳል። ከጀማሪው ጎን ቆሞ የሚጫረተው ማን ነው? ደንበኛው በአማካይ አምስት ጊዜ እንደሚገዛው ከመዝገቡ ያየ ነባር ድርጅት ነው። ለእሱ አንድ ደንበኛ 300 ሳይሆን 1,500 ነው። ለአንድ ጠቅታ 20 ቢጠራ አያመውም። ጀማሪው 20 ሲጠራ ግን በራሱ ላይ ነው የሚጫረተው።

እዚህ ስንደርስ ነገሩን አውቃለሁ የሚለው ወገን «በትንሹ ሞክሩት፣ ካልሠራ ተዉት» ይላል። ከሁሉም የሚሻለው ክርክራቸው ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ያው ከ100 ጠቅታ በአማካይ 2 ሽያጭ የሚያገኝ ንግድ እንውሰድ፤ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ 100 ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 100 ጠቅታ ገዝተው ሞከሩ እንበል። በተራ የዕድል ስሌት 13 ያህሉ አንድም ሽያጭ አያዩም። 14 ያህሉ ደግሞ 4 እና ከዚያ በላይ ያያሉ። ንግዱ አንድ፣ ዕቃው አንድ፣ ማስታወቂያው አንድ! የመጀመሪያዎቹ «የፍለጋ ማስታወቂያ ውሸት ነው» ብለው ይወጣሉ፤ ሁለተኛዎቹ ብድር ወስደው በጀታቸውን ይጨምራሉ፤ በወሩ መጨረሻ ወደ አማካዩ ሲመለሱ ምን እንደነካቸው አይገባቸውም። ትንሽ ሙከራ ትንሽ ገንዘብ ይበላል እንጂ ትንሽ እውቀት እንኳን አይሰጥም። እውነተኛ መልስ ለማግኘት በሺህ የሚቆጠር ጠቅታ መግዛት ያስፈልጋል። እሱን መግዛት የሚችል ድርጅት መቼ ጀማሪ ሆነ?

ደግሞ «የጎግል ማሽን ራሱ ይማራል፣ ዋጋውንም ራሱ ይወስናል» ይሉናል። ይማራል፤ የሚማረው ግን ከተመዘገቡ ሽያጮች ነው። በወር ሦስት ሽያጭ ያለው ድርጅት ለማሽኑ ምን ያስተምረዋል? የትምህርት ቤት ክፍያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይቆረጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው ነገር ሌላ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። የፍለጋ ማስታወቂያ የሚታየው ሰው ቃሉን ጽፎ ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ፍላጎትን አይፈጥርም፣ የተፈጠረን ፍላጎት ይጠብቃል እንጂ። ብዙ ጀማሪዎች ግን የሚኮሩት «እስካሁን ማንም ያላሰበውን» ይዘን መጣን በማለት ነው። እሰየው! ማንም ያላሰበውን ነገር ማን ፈልጎት ይጽፈዋል? ያን ጊዜ አማራጩ ለሰፊና ለላላ ቃላት መክፈል ነው፤ ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣን ሰው አስቁሞ «እስቲ የእኔን እይ» ማለት። ይህ ደግሞ አሠልጣኙ ያፌዙበት የነበረው ቢልቦርድ ራሱ ነው፤ ልዩነቱ የጨረታ ዋጋ የሚከፈልበት መሆኑ ብቻ ነው።

ስለ ውጤት መለኪያው የሚነገረው ነገርማ አያድርስ ነው። ነጋዴው የማስታወቂያውን ውጤት የሚያይበት የሂሳብ ገጽ «ይህን ያህል ሽያጭ ከማስታወቂያ መጣ» ብሎ ሲያሳይ ሰው ሁሉ እንደ ኦዲት ሪፖርት ይቀበለዋል። ግዙፉ የኢንተርኔት መገበያያ ኢቤይ የደረሰበትን ማስታወስ ይበቃል። በፈረንጆች 2012 ድርጅቱ በገዛ ስሙ ላይ፣ ማለትም ሰው «ኢቤይ» ብሎ ሲፈልግ እንዲወጣ፣ ይከፍል የነበረውን የፍለጋ ማስታወቂያ በያሁና በማይክሮሶፍት ላይ አቋርጦ አየ። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮ እና ስቲቨን ታደሊስ በ2015 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ በማስታወቂያው ይመጣ ከነበረው ጉብኝት 99.5 በመቶው ሳይከፈልበት በሚወጣው በነጻው ውጤት በኩል መምጣቱን ቀጠለ። ቀድሞም ሊመጡ መንገድ ለጀመሩ ሰዎች ነበር ሲከፈል የኖረው። የሂሳብ ገጹ ግን ያን ጊዜ ሁሉ «ማስታወቂያው አመጣቸው» ነበር የሚለው። ይህ የታወቀው ማስታወቂያውን አጥፍቶ በማየት እንጂ ሪፖርት በማንበብ አልነበረም።

ከስሙ ውጭ ባሉ ቃላት ላይም ሞክረውታል። በአንዳንድ አካባቢዎች አጥፍተው በሌሎቹ ሲያስቀጥሉ፣ ማስታወቂያው ለውጥ ያመጣው አዲስ በሆኑና እምብዛም በማይገዙ ሰዎች ላይ ነበር። ተከራካሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «አየህ፣ ላልታወቀ ይሠራል!» ብለው ይዘላሉ። ቀስ ይበሉ። ለውጥ አመጣ ማለት ወጪውን መለሰ ማለት አይደለም፤ አጥኚዎቹ አብዛኛው ገንዘብ ያለ ማስታወቂያውም ይገዙ በነበሩ ሰዎች ላይ ስለሚወጣ በአማካይ ኪሳራ ሆኖ አግኝተውታል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ቀጥሮ ያለው ግዙፍ ድርጅት በሙከራ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሲሳሳት ከኖረ፣ ሌሊት ሌሊት ከስልኩ ላይ ሪፖርት የሚያነበው ጀማሪ በምን ዕድሉ ያውቃል?

ገበያውን የያዘው ማን እንደሆነም አይዘንጋ። በመስከረም 2023 በዋሽንግተን በተካሄደው የፀረ ሞኖፖሊ ችሎት የጎግል የማስታወቂያ ሥራ ኃላፊ የነበሩት ጄሪ ዲሽለር፣ ድርጅታቸው በጨረታው ላይ በሚያደርገው ማስተካከያ የማስታወቂያ ዋጋ 5 በመቶ፣ ለአንዳንድ ፍለጋዎች እስከ 10 በመቶ ይጨምር እንደነበር በምስክርነት ተናግረዋል። በነሐሴ 2024 ዳኛ አሚት ሜታ ጎግል በፍለጋና በፍለጋ ጽሑፍ ማስታወቂያ ገበያ ሞኖፖሊውን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቆ ኖሯል ብለው ፈረዱ። አሠልጣኙ ታዲያ ጨረታውን በእኩል ተጫራቾች መካከል የሚደረግ ውድድር አድርገው ያወሩታል። አጫራቹ የዋጋ ወለሉን እያነሳ የሚጫወትበት ጨረታ ነው እኮ!

እና ጀማሪው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ምንድን ነው? አስቀድመው የተመረጡ ምርጫዎች። ቁልፍ ቃሉ፣ ማለትም ነጋዴው ማስታወቂያዬ ይውጣበት ብሎ የሚመርጠው ቃል፣ ከፍለጋው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሳይነኩት ሰፊው ነው፤ የጻፈው ቃል ዘመዱና የዘመዱ ዘመድ ሁሉ ይከፈልበታል። የአጋር ገጾች፣ ማለትም የጎግልን ማስታወቂያ የሚያወጡ የሌሎች ድርጅቶች ገጾች፣ ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ይጠብቀዋል። የቦታ ምርጫው በአካባቢው ያለውን ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢው «ፍላጎት ያሳየ» ሩቅ ሰውንም ይጨምራል። የቀን በጀት ብሎ የጻፈው ገንዘብ በአንዳንድ ቀን እጥፉ ድረስ ሊወጣ ይችላል፤ የተገደበው የወሩ ድምር ነው። እነዚህ ሁሉ በደንቡ ውስጥ የተጻፉ ናቸው፣ አንዳቸውም አልተደበቁም። ግን የትኛውም ምርጫ ሳይነኩት ሲቀር ወደ ቁጠባ አያዘነብልም። በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ ያስረዳኝ።

አንድ ነገር ብቻ እሰጣቸዋለሁ። በሩ የተቆለፈበት ሰው፣ ቧንቧው የፈነዳበት ሰው፣ መንገድ ላይ መኪናው የቆመበት ሰው ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል፣ ከፊት ላገኘውም ይደውላል። ሥራው እንዲህ የሆነ፣ ከአንድ ጥሪ የሚያገኘውንም በልኩ የሚያውቅ ሰው ይክፈል። ይህ ግን ጠባብ መደብ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት ስንቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር?

ለሌላው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ፤ ከአሠልጣኙ አፍ አንድም ቃል ያልሰማሁበት። የጎግል የንግድ መገለጫ በነጻ ይከፈታል፣ ካርታ ላይም በነጻ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደንበኞች ደውሎ «ከመምጣታችሁ በፊት ይህን ነገር ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሩት?» ብሎ መጠየቅ አያስከፍልም፤ የሚገኘው መልስ ማንኛውም የቁልፍ ቃል መሣሪያ ከሚሰጠው ይበልጣል። ስንቱ ጎብኚ እንደሚገዛ መቁጠር፣ የገዛው ተመልሶ መጣ ወይ ብሎ መመዝገብ። ይህን ይዞ በጠባቡ የቃል ምርጫ፣ የአጋር ገጾችን ሳጥን አጥፍቶ፣ ቢሳሳት የማይጎዳውን ገንዘብ መድቦ የሚገባ ሰው ካለ አልከለክለውም። ያ ሰው ግን ከእንግዲህ ጀማሪ አይደለም።

የማስታወቂያ ኤጀንሲዎች ብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው ደንበኛቸው ካወጣው ገንዘብ በመቶኛ ነው። ነጋዴው አብዝቶ ባወጣ ቁጥር ድርሻቸው ይጨምራል፤ ሸጠም አልሸጠም። የቪዲዮው አሠልጣኝ በየትኛው ውል እንደሚሠሩ አልተናገሩም፣ ከአዳራሹም የጠየቃቸው የለም። ኪሳራ የሌለበት ነገር ከሆነ ክፍያቸውን ከወጪው ትተው ነጋዴው ካተረፈው ላይ ይቁረጡ። ይህን ውል በሚቀጥለው ሥልጠና መድረክ ላይ ወጥተው ይፈርሙት፤ ያኔ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።