ውጤቱ የታወቀ ምርጫ ላይ ለምን እንሰለፋለን?

የቨርጂኒያ 8ኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንን፣ የፎልስ ቸርች ከተማንና የፌርፋክስ ካውንቲን ከፊል ይዟል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ነው። ዴሞክራቱ ዶን ባየር ወንበሩን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያዙ። ከዚያ ወዲህ የነቀነቃቸው የለም፤ በ2022ም በ2024ም ከ70 በመቶ በላይ አግኝተው አሸንፈዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ድምፅ መስጠት ምን ይፈይዳል? አንዲት የአሌክሳንድሪያ ነርስና አንድ የአርሊንግተን ታክሲ ነጂ በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

ነርሷ፦

በ2024 ኖቬምበር ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ ተሰለፍኩ። የፕሬዝዳንቱን ሞላሁ። ኮንግረሱ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ማን እንደሚያሸንፍ የማያውቅ በሰልፉ ውስጥ አልነበረም።

ባየርን አልጠላቸውም። ክፉ ሰው አይደሉም። ችግሬ፣ እኛን የሚፈልጉበት ምክንያት አለመኖሩ ነው። ብንመርጣቸው ያሸንፋሉ። ብንቀርም ያሸንፋሉ። ለተቃዋሚው ብንሰጥ እንኳ ያሸንፋሉ።

ኮሎራዶን እዩ። የኦሮራው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማን ወንበራቸው ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ሐበሻውን ቤቱ ድረስ ሄደው አዳመጡ። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የወጣው ኤችአር 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ በኤፕሪል 2018 በተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ ከገፉት አንዱ እሳቸው ናቸው። ለምን? ጥቂት ሺህ ድምፅ ያድናቸው ወይም ይጥላቸው ስለነበር ነዋ። የእኛ ኮንግረስማን ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታክሲ ነጂው፦

ልጄ፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆምሽው። ኮፍማን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በጄሰን ክሮው ተሸነፉ። የኦሮራ ሐበሻ ስንት ጊዜ ደክሞ ያቀናው ሰው በሰባት ወር ውስጥ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። ከአዲሱ ጋር እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ሌላም የዘለልሽው አለ። ኤችአር 128ን ያቀረቡት ኮፍማን አይደሉም፤ የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ናቸው። ስሚዝ ከ1981 ጀምሮ ኮንግረስ ውስጥ ያሉ፣ የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴውን የመሩ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት የቆዩት ወንበራቸው ጽኑ ስለሆነ ነው። ኮንግረስ ውስጥ ዕድሜ ሥልጣን ነው። ባየርም በዌይስ ኤንድ ሚንስ ኮሚቴ ተቀምጠዋል። የንግድ ሕግ የሚያልፈው በዚያ ነው። የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው አጎአም የዚያ ኮሚቴ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ በ2022 መግቢያ ከአጎአ ስትወጣ ስንት የፋብሪካ ሠራተኛ እንደተጨነቀ አንቺም ታውቂያለሽ። አዲስ ሰው እዚያ ወንበር ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

ደግሞ ወንበራቸው የጸናው በተንኮል አይደለም። የምርጫ ክልሉን ካርታ በ2021 መጨረሻ ያጸደቀው የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ፓርቲ ቆርጦ የሰጣቸው አይደለም። እዚህ የሚኖረው ሰው በብዛት ዴሞክራት ስለሆነ ነው።

የራሴን ልጨምር። የእህቴ ልጅ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ወደ ኮንግረስ ቢሮ ደወልኩ። የፈቃድ ፎርም አስፈረሙን፤ ከዚያ እነሱ ጠየቁ፣ መልስ መጣ። የቆየ ቢሮ የት እንደሚደወል ያውቃል። (ባየር ድሮ ቮልቮ ሻጭ ነበሩ፤ ባለመኪና ለባለመኪና ያዳላል ብትዪኝ አልክድም።)

ነርሷ፦

ጋሼ፣ የስሚዝን ነገር ተቀብያለሁ። ረቂቁን ማቅረብና ለድምፅ እንዲቀርብ መገፋፋት ግን ይለያያል። ግፊቱ የመጣው ከሚፈራው ሰው ነው።

ፎርሙን ያስፈረሟችሁም የቢሮው ሠራተኞች ናቸው። ይህን አገልግሎት የትኛውም የኮንግረስ ቢሮ ይሰጣል፤ ወንበሩ ይጽና ይንቀጥቀጥ። ለዚያ ምስጋና ድምፅ አንከፍልም።

የቆየ ሁሉ አይነቀነቅም የሚሉትንም ይተዉት። በጁን 2014 የምክር ቤቱ የአብላጫ መሪ ኤሪክ ካንተር እዚሁ ቨርጂኒያ በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ወደቁ። ያሸነፏቸው ዴቭ ብራት የሚባሉ መምህር ናቸው። በ2018 ኒው ዮርክ ላይ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ለረጅም ዓመታት የቆዩትን ጆ ክራውሊን በፕራይመሪ የጣለችው 17 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ነው። 17 ሺህ! የሰፈራችንን ሐበሻ አስበው ይቁጠሩ።

ታክሲ ነጂው፦

እሱን ስትይ ራስሽ መልሱን አመጣሽው። ኖቬምበር ላይ ሳቅሽ የመጣው ዘግይተሽ ስለደረስሽ ነው። የዚህ ክልል እውነተኛ ምርጫ ጁን ላይ፣ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። ባየር ራሳቸው በ2014 ፕራይመሪውን ያሸነፉት ግማሹን ድምፅ እንኳ ሳያገኙ ነው፤ ቀሪው ለብዙ ተወዳዳሪ ተበተነ። በ2022 ሌላ ተፎካካሪ ገጠመቻቸው፤ በሰፊው አሸነፏት። ያን ዓመት በፕራይመሪው የተሰጠው ድምፅ የኖቬምበሩን ሩብ እንኳ አይሞላም። ቨርጂኒያ ደግሞ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም፤ ማንም ገብቶ መምረጥ ይችላል። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?

ነርሷ፦

ሥራ ላይ። እውነቱን ልናገር፣ መኖሩንም አላወቅሁም።

ግን ተፎካካሪ ከሌለ ፕራይመሪም የለም። ባለወንበሩ ብቻውን ከሆነ በቀጥታ ያልፋል። የሚፎካከር ሰው እስኪፈጠር ጁንን ዝም ብዬ ልጠብቅ?

ታክሲ ነጂው፦

ለመወዳደር 1,000 ፊርማ ነው የሚያስፈልገው። ፈራሚው በክልሉ የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት። ከእኛ ሰው ስንቱ ዜግነት ወስዶ ሳይመዘገብ እንደተቀመጠ ታክሲ ውስጥ ስጠይቅ እሰማለሁ። «ኧረ ይቅርብኝ፣ ከተመዘገብኩ ፍርድ ቤት ጁሪ ሁን ብለው ይጠሩኛል» ይሉኛል። ባየር ይህንን አላደረጉም፤ እኛው ነን።

ነርሷ፦

ሰው ካገኘን ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብንቆም 1,000 ይሞላል። ግቢው ውስጥ አይደለም፣ በሩ ላይ። እርስዎ ይፈርማሉ?

ታክሲ ነጂው፦

እፈርማለሁ። ድምፄ ግን የባየር ነው፤ አስቀድሜ ልንገርሽ።