ጉቶ ላይ የተተወው መጽሐፍ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ በሰው አገር ተረት ነው። በርማና ታይላንድ ውስጥ የሚኖሩት የካረን ሕዝቦች፣ ፈጣሪያቸው ይዋ ለእነሱም መጽሐፍ ሰጥቷቸው እንደነበር ያወራሉ። ተቀባዩ ግን አረም ላይ ነበርና ጉቶ ላይ ጣል አደረገው። ዝናብ አበሰበሰው፣ ዶሮ ጫረው። ተረቱ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ቁጭቱ ግን ያው ነው።

ከእነዚህ ሕዝቦች አንዱ ካያ ነው፤ ቀይ ካረን የሚሏቸው። ከእ.ኤ.አ. 1950 በኋላ ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል የመጻፍ ነገር ብቅ ብቅ ሲል፣ ቴ ቡ ፔ የሚባል ሰው በ1962 የራሱን ፊደል ቀርጾ አመጣ። ካያ ሊ ይባላል። ቋንቋቸው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል፤ ስለዚህ የኛ ሊቃውንት ይዘትና ድፋት የሚባሉትን የዜማ ምልክቶች ከቃሉ አናት ላይ እንደሚያኖሩት፣ እሱ የዜማውን ምልክት ከአናባቢው ግርጌ አኖረ። ሁሉም ካያ አይጽፍበትም፤ በላቲንም በበርማ ፊደልም የሚጽፉ አሉ። ግን ከጦርነት ሸሽተው ታይላንድ የገቡት፣ በስደተኛ ካምፕ ትምህርት ቤት ለልጆቻቸው ያስተማሩት እሱን ነው። ቤት ንብረት ጥሎ የወጣ ሰው ፊደሉን አልጣለም።

እናንተስ? የካያ ሊ 48 ምልክቶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት መዝገብ ውስጥ፣ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፣ ኪቦርዱም በነፃ ይገኛል። «የራሳችን ፊደል አለን» ብላችሁ በዓለም ፊት ትኩራራላችሁ፤ ኩራቱን ራሱን የምትጽፉት ግን በላቲን ነው! «ይፈጥናል» ትላላችሁ። እኔም ብዬ አውቃለሁ። የሚፈጥነው ለማን ነው?

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀን ስትሠራ ውላ፣ ማታ በኩራዝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ለፋሲካ «እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ» ብሎ በላቲን ላከላት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው። ከዚያ የጎረቤት ልጅ መጥቶ እስኪያነብላት ድረስ ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።